ውሃ ያልተከተለው ክኒን

ባለፈው ሳምንት አይናለምን የተውናት ስትስቅ ነበር። ምነው እዚያው ላይ ትተናት በቀረን! ግን ምን ይደረግ፣ የጀመሩትን መጨረስ ነው። እሷስ ለደንበኞቿ በየቀኑ የምትለው ይህንኑ አይደል? «መድኃኒቱን ከጀመሩ ይጨርሱት፤ ዳነች ብለው በአምስተኛው ቀን እንዳያቆሙ!»

ለማያውቃት ላስተዋውቅ። አይናለም ዘነበ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ የእንስሳት ሐኪም ናት። ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤትና በአንድ ፀጉር ቤት መሐል በተሸጎጠች ክሊኒክ ውሻና ድመት ታክማለች። አባቷ አቶ ዘነበ ቡልጋሪያ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ሚስቱን ቀብሮ ልጁን ብቻውን ያሳደገ፣ በዚያ ቅባት በጠጣ እጁ ሹሩባ መሥራት የተማረ አባት ነው። ሀብተሥላሴ ደግሞ፣ እንደ እሷ «ሀብቴ» እንበለውና፣ ደምበል አጠገብ ቢሮ ያለው ጠበቃ፣ የወይዘሮ ጀማነሽ አንድያ ልጅ ነው። ወይዘሮ ጀማነሽን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ያ በድንጋይ የታጠረው፣ ጽዶቹ ከሩቅ የሚታዩት ግቢ የእሳቸው ነው።

ስምንት ወር ሙሉ ሀብቴ «እሺ በይኝ» ሲል አይናለም ፈራ ተባ ስትል ቆየች። እሱን ጠልታ እንዳይመስላችሁ፣ ያንን ግቢ ፈርታ ነው። «እዚያ ቤት ገብቼ ምን ልሆን ነው? የቤት ልጅ ወይስ የቤት ሠራተኛ?» እያለች ከራሷ ጋር ትሟገት ነበር። በመጨረሻ ልቧን ያስቆረጠቻት ማን ትመስላችኋለች? ብርቄ! የወይዘሮ ጀማነሽ ነጭ ድመት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ብርቄ አፍንጫዋ ተደፍኖ፣ ዓይኗ ተጣብቆ በሀብቴ እጅ ክሊኒክ መጣች። አይናለም መዝና በክብደቷ ልክ ዶክሲሳይክሊን አዘዘችላት፤ ጠዋት ጠዋት አንድ፣ ለሃያ አንድ ቀን። ከዚያ ወረቀት አንስታ በእጇ ጻፈች። «ክኒኑን እንደዋጠች ወዲያው አምስት ሲሲ ውሃ በሲሪንጅ ቀስ እያልክ አጠጣት። ደረቁን ከሄደ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላታል። ወተት አብረህ አትስጣት፣ ወተት ይህን መድኃኒት ያዳክመዋል። ቤት የተረፈ የሰው መድኃኒት እንዳትሞክርባት፣ አደራ!» ከግርጌው ላይ ደግሞ፣ ይህችኛዋን ሐኪሟ ሳትሆን ልቧ ጻፋት፣ «በርታልኝ» ብላ ጨመረች።

ሀብቴም በረታ። ቢያንስ ቴሌግራሙ እንደዚያ ይል ነበር። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን መልእክት ይገባል። በሦስተኛው ቀን «ብርቄ ሶፋ ስር ገብታ አልወጣም አለችኝ። መሬት ላይ ተኝቼ ግማሽ ሰዓት አዋራኋት። ስለ ልጅነቴ ስነግራት ወጣች» አለ። በስድስተኛው ቀን «ቧጠጠችኝ። በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቀፍኳት። ልቧ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል» አለ። ጋቢ የለበሰ ጠበቃ! አይናለም በሳቅ ሞተች። በዘጠነኛው ቀን «ዛሬ ራሷ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተቀመጠች። ለካ የታገሠ ሰው ይወደዳል» ሲላት ግን አልሳቀችም። ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ለታመመች ድመት እንዲህ የሚንበረከክ ሰው ለሚስቱ ምን ይሆን! በዚያው ቀን «እሺ» አለችው። ሽማግሌዎች በሚቀጥለው እሁድ አቶ ዘነበ ዘንድ ሊሄዱ ተቀጠረ።

ሐሙስ ዕለት ግን ሀብቴ ብርቄን በቅርጫት ይዞ ክሊኒክ ገባ። ፊቱ ተጨንቋል።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አትበላም» አለ።

ብርቄ ትልጋጋለች። አይናለም ለስለስ ያለ ምግብ ብታቀርብላት በጉጉት ጎረሰች፣ አንገቷን ዘርግታ ለመዋጥ ታገለች፣ ከዚያ የጎረሰችው ሁሉ እንዳለ ተመለሰ። አይናለም ይህን ስታይ መጀመሪያ ያሰበችው ጉሮሮዋን ነው።

«ሀብቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም። ከክኒኑ በኋላ ውሃ አጠጥተሃታል?»

«በየቀኑ።»

«አንድም ቀን ሳትዘል?»

«አይንዬ፣ እኔን አታምኚኝም?» አለና ትክ ብሎ አያት። የዚያ ሰው አስተያየት! ቅንድቡ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከንፈሩ ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ስምንት ወር ሙሉ በዚህ አስተያየት ፊት ጸንታ የቆመች ሴት የዚያን ዕለት ቀለጠች።

አመነችው። ውሃው ከተሰጠ ጉሮሮዋ አይደለም፣ ሆዷ ይሆናል ብላ ማስመለስ የሚያቆም መርፌ ወጋቻት። «ክኒኑን እንዳታቋርጥ፣ ቀጥልበት» አለችው። ልብ በሉልኝ፣ በገዛ አፏ! ሀብቴ ሲወጣ መዳፏን ይዞ ሳማት። አይናለም መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቆማ ቀረች። እንዲህ ያለውን ሰው ለአፍታ እንኳ በመጠርጠሯ በጣም አፈረች።

ዓርብ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ብርቄን ልያት ብላ ወደዚያ ግቢ ሄደች። በሩን የከፈተላት ዘበኛው ጋሽ ደጋጋ ነው። ስድሳውን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ጋቢውን በትከሻው ጣል ያደረገ ሰው ነው። ከጋቢው ውስጥ የብርቄ ነጭ ጆሮ ብቅ ብሏል።

«እንኳን መጣሽ ዶክተር! አሁን ገና ክኒኗን ሰጠኋት፣ ግን እያነቃት ነው መሰለኝ» አላት።

«እርስዎ ነዎት የሰጧት? ሀብቴ የለም እንዴ?»

«አለ፣ እየለበሰ ነው። ክኒኑንማ ከመጀመሪያውም የምሰጣት እኔው ነኝ። እሱ ድመት አይደፍርም፣ ከልጅነቱ ነው።»

አይናለም ነገሩ ቶሎ አልገባትም። «እንዴት አድርገው ነው የሚሰጧት?» ብላ ጠየቀች። ጋሽ ደጋጋ እየተደሰተ አሳያት። አፏን በሁለት ጣት ይከፍታል፣ ክኒኑን ምላሷ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ አንገቷን ወደ ታች እያሻሸ «ዋጪልኝ የኔ እናት» ይላታል። በጣም ጥሩ አድርጎ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ግን አበቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

«ውሃስ?»

«ውሃ? የምን ውሃ?»

«ወረቀቱ ላይ ጽፌ ነበር እኮ።»

«ወረቀት አልተሰጠኝም ልጄ። ቢሰጠኝማ አነበው ነበር፣ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለኝ። ‹ጠዋት ጠዋት አንድ ስጣት› ነው የተባልኩት።» ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ ሊያጽናናት ፈለገ መሰለኝ ቀጠለ። «ብቻ ከባድ ድመት ናት። አንድ ቀንማ ሶፋ ስር ገብታ አልወጣም ብላኝ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ መሬት ላይ ተኝቼ ግማሽ ሰዓት አዋራኋት። ስለ አገሬ ስለ ጊንጪ፣ ከብት ስጠብቅ ስላደረግሁት ሁሉ ስነግራት ነው የወጣችው።»

«አንድ ቀን ደግሞ ቧጠጠችዎት» አለች አይናለም በቀጭን ድምፅ። «በጋቢ ጠቀለሏት። ልቧ ደረትዎ ላይ ሲመታ ተሰማዎት።»

«እንዴት አወቅሽ!» ብሎ ሳቀ ጋሽ ደጋጋ። «ልጁ ነገረሽ አይደል? ጠዋት ጠዋት መኪናውን ሳጥብ ይመጣና ‹ዛሬስ እንዴት ነበረች?› ይለኛል። አንዲት ቃል ሳይጥል ስልኩ ላይ ይጽፋታል። ለእንስሳ እንዲህ የሚያስብ ልጅ አላየሁም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሲጠራ እንዲህ እንደሚያንገበግብ ግን ማንም አልነገራትም። ያ ሁሉ መልእክት፣ በየሌሊቱ ትራሷ ላይ ተኝታ ደጋግማ ያነበበችው፣ የሌላ ሰው ትዕግሥት ነበር። የወደደችው ሰው ቃል በቃል የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። አይናለም በዚያ በር ላይ ቆማ ራሷን ሞኝ፣ ሞኝ፣ ሞኝ ብላ ሰደበች።

ሀብቴ የመኪና ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ። ሁለቱን አብረው ሲያይ ቁልፉን ማንቀጫቀጩን ተወ። ጋሽ ደጋጋ ነገር እንዳለ ገብቶት ብርቄን እንዳቀፈ ወደ ጽዶቹ ፈቀቅ አለ።

«ወረቀቱ የታለ?» አለችው።

ሀብቴ ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ አወጣ። አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት ከመታወቂያው ጀርባ ስቦ አሳያት። «እዚህ ነው ያለው። አንድ ቀን ከእኔ አልተለየም። በእጅሽ የጻፍሽልኝ እኮ ይህ ብቻ ነው አይንዬ፣ ‹በርታልኝ› ብለሽኛል። እንዴት ብዬ ለዘበኛ ልስጠው? በዚያ እጁ እንዲያጨማልቀው?»

በዚያ እጁ። አይናለም የአባቷን እጅ አሰበች፤ ስንት ጊዜ ሹሩባዋን የሠራላትን።

«ለአንተ አልጻፍኩትም» አለች። «ለብርቄ ጉሮሮ ነው የጻፍኩት።»

«ማለቴ... ልጎዳት አስቤ አይደለም እኮ! እኛ ቤት ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። እማዬ ‹ይህን ጽድ እኔ ነኝ የተከልኩት› ትላለች፣ አካፋ ይዛ ታውቃለች? እኔም አዝዤ አሰጠሁ፣ በየቀኑ ተከታተልኩ፣ በቃ። ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።»

«ጋቢውስ? ልቧ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል ያልከኝስ? የማን ደረት ነበር ሀብቴ?»

ሀብቴ ወረቀቱን አጣጥፎ ከነቦርሳው ኪሱ ከተተ።

«ትናንት ፊት ለፊት ጠየቅኩህ። አልቆጣም አልኩህ። ‹በየቀኑ› አልከኝ። አንተን ብዬ በገዛ አፌ ክኒኑን ቀጥልበት አልኩ፤ ዛሬም በቆሰለ ጉሮሮ ላይ ሌላ ደረቅ ክኒን ወረደ። ሐኪም ነኝ እኮ እኔ! በእኔ እጅ ነው ያስጎዳሃት!»

«ፈራሁ» አለ ሀብቴ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «እሁድ ደረሰ። እውነቱን ብነግርሽ አጣሻለሁ ብዬ ፈራሁ። አይንዬ፣ እኔ ልሙት፣ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ እውነት ነው። እወድሻለሁ።»

ይወዳታል። ይህንን እኔም አልክድም፣ እናንተም አትካዱት። አይናለምም ታውቃለች። ሲያለቅስ ስታየው ልቧ ሊሸነፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ሰው ይፈራል፣ ሰው ይዋሻል፣ ሰው ይቅር ይባባላል። እጇን ወደ እጁ ዘረጋች። አጥብቃ ብትይዘው እዚያው ይቅር ልትለው ነው።

«ምንድን ነው ጠዋት ጠዋት ጫጫታ?» የሚል ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ጀማነሽ በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው።

አይናለም እጇን ሰበሰበች፤ እጅ ነሳችና በሐኪም ድምፅ አስረዳች። «እትዬ ጀማነሽ፣ የብርቄ ጉሮሮ በክኒን ተቃጥሏል። ያለ ውሃ ነበር የሚሰጣት። አሁኑኑ ወደ ክሊኒክ ልውሰዳት፣ ካልሆነ በረሃብና በጥማት እናጣታለን።»

«ያለ ውሃ? ማነው እንዲህ ያደረጋት?»

ጋሽ ደጋጋ ከጽዶቹ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። «ክኒኑን የምሰጣት እኔ ነኝ እመቤቴ» አለ።

«ደጋጋ! ሃያ አራት ዓመት ያበላሁህ ድመቴን እንድትገድልብኝ ነው?»

አይናለም ወደ ሀብቴ ዞረች። አሁን ይናገራል ብላ ጠበቀች። እንዲናገር በሆዷ ለመነችው። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚበቃው፤ «እኔ ነኝ» ማለት። ያንን ቢል እሁድ እንደ ተቀጠረው ይሆን ነበር። በግማሽ ልብ አይደለም፣ በሙሉ ልቧ ትቀበለው ነበር።

ሀብቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑን ከእናቱም፣ ከእሷም፣ ከዘበኛውም አሸሸ።

«ነግሬው ነበር እማዬ» አለ። «ረስቶት ይሆናል። አርጅቷል እኮ።»

ለሰው ሞት አነሰው! ጋሽ ደጋጋ ቀና ብሎ ልጁን አየው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የትምህርት ቤት መኪና እስኪመጣ ድረስ እጁን ይዞ በር ላይ ይጠብቅለት የነበረውን ልጅ ነው ያየው። ረጅም ጊዜ አየውና አንገቱን ደፋ።

«አዎ እመቤቴ» አለ። «ረስቼ ነው።»

«በል ዕቃህን ሰብስብ! ከእንግዲህ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አለ የአገሬ ሰው።

«አልረሱም» አለች አይናለም። «አልተነገራቸውም። የጻፍኩት ወረቀት በልጅዎ ኪስ ውስጥ ነው። ሀብቴ፣ አውጣና ለእናትህ አሳያቸው።»

የሀብቴ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። ከሄደበትም ሳይመለስ እዚያው ቀረ።

«ልጄን በገዛ ግቢዬ ውሸታም ልታደርጊው ነው?» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። «ሳትገቢ እንዲህ የሆንሽ፣ የገባሽ ለትማ ጉዳችን ነው!»

«አይንዬ፣ እባክሽ» አለ ሀብቴ በሹክሹክታ። «በኋላ እንነጋገር፣ እሺ? በኋላ።»

አይናለም ጀርባዋን ሰጠችው። ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ግቢ ገብታ ምን እንደምትሆን ስትጠይቅ ነበር፣ አሁን መልሱን አገኘች። ቀን ሲከፋ ደጋጋን ትሆናለች።

ወይዘሮ ጀማነሽ ብርቄ እንድትታከም ፈቀዱ፣ ለድመቷስ ይሳሱላታል። ድመቷ ከጋሽ ደጋጋ እቅፍ አልወጣም ብላ ጥፍሯን ስለተከለች እሱው ተሸከማት። ሃያ አራት ዓመቱን በአንድ ፌስታል ከትቶ በሌላ እጁ አንጠለጠለ። ሁለቱ ቁልቁለቱን ተያያዙት። ጫማ ጠራጊዎች፣ ለሥራ የሚጣደፉ የቢሮ ሰዎች፣ «ጎተራ! ጎተራ!» የሚል ታክሲ በአጠገባቸው ያልፋሉ። የሰው ቀን እንደ ወትሮው ነው።

«ልጄ» አለ ጋሽ ደጋጋ። «እሱን አትቀየሚው። እናቱን ይፈራል እንጂ ክፉ አይደለም። ይወድሻል፣ ጠዋት ጠዋት ያቺ ስልክ ላይ ሲጽፍ ብታይው... ነገሩ እኔ ላይ ይለቅ፣ ግድ የለም። እኔ ሌላ በር አላጣም።»

«ጋሽ ደጋጋ፣ እኔ እኮ የወደድኩት መሬት ላይ ተኝቶ ያዋራትን ሰው ነው።»

ጋሽ ደጋጋ አልገባውም። «እሱማ እኔ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ከዚያ ገባው። መንገዱን እያየ ጋቢውን በብርቄ ላይ አስተካከለ።

ክሊኒክ ሲደርሱ አይናለም ክኒኑን አስቆመች፤ መድኃኒቱን ወደ ፈሳሽ ለወጠች፤ ቁስሉን የሚያለሰልስ ሽሮፕ ጨመረች። «ጠባሳው ጉሮሮዋን ካላጠበበው ትድናለች» አለች። ከዚያ ሲሪንጁን ለጋሽ ደጋጋ አስያዘችውና ውሃውን በአፏ ጎን በኩል ጠብ ጠብ እያደረገ እንዴት እንደሚሰጣት አስተማረችው። ብርቄ ዋጠች። እንደገና ዋጠች። ውሃው አልተመለሰም። ጋሽ ደጋጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው። ከኋላው ብረት የሚቆርጥ ማሽን ያጓራል።

«አይኑዬ!» አለ አቶ ዘነበ እየጮኸ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ እንዳትስቂብኝ። ከሰኞ ጀምሮ እጄን በነጭ ጋዝና በኦሞ ስፈትግ ከረምኩ። ጥፍሬ ሥር ያለው ቅባት ግን አልለቅ አለኝ። እናንተ ክሊኒክ የሚያስለቅቅ ነገር አይጠፋም መቼስ? ሽማግሌዎቹን ስጨብጥ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው እኮ።»

አይናለም አፏን በእጇ ያዘች። እስካሁን አላለቀሰችም ነበር።

«አባዬ» አለች ሲቻላት። «እጅህን አትፈትግ። እሁድ የሚመጣ ሰው የለም።»

የማሽኑ ድምፅ ጠፋ። አቶ ዘነበ አጥፍቶት ይሆናል።

«ምን አደረገሽ?»

«ዋሸኝ። ሰው ያለ ጥፋቱ ሲባረር ዝም አለ። ደግሞ አባዬ... አሁንም እወደዋለሁ። ምን ይሻለኛል?»

አቶ ዘነበ ስልኩን አልዘጋውም። አይናለም እስኪወጣላት ስታለቅስ፣ እሱ በዚያኛው ጫፍ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማት ነበር።